መርዶው የሚያልፍበት መስመር

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ዝናብ ሲዘንብ ዋለ። ሱቁ ውስጥ ጥቂት ፎቶ ኮፒ፣ አንድ የመሬት ማመልከቻ። ሌላ ሥራ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ እንደ ዘወትሩ እትዬ ተሾመች ከሸዋ ቤንች መጡ። የጫማቸውን ጭቃ በር ላይ ጠርገው ኮምፒውተሩ ፊት ካለችው ወንበር ተቀመጡ። ልጃቸው ረድኤት መስማት የተሳናት ናት። በሩቅ ከተማ፣ እንደ እርሷ ላሉ ልጆች በተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ትማራለች። ስልክ አይጠቅማቸውም። ጽሑፍም አይጠቅማቸውም፤ እናትየው ፊደል አልቈጠሩም። ያላቸው እጃቸው ብቻ ነው፤ በየቅዳሜው በእኛ ኮምፒውተር በምስል ይገናኛሉ። ልጅቱ ሕፃን ሳለች፣ እቤትና ቡና ማሳ ውስጥ፣ ራሳቸው ያበጁት የእጅ ቋንቋ አላቸው… አስተማሪዎቿ እንኳ የማያውቁት።

ዛሬም ምስሉ ቆመ። የልጅቱ እጅ አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። በስክሪኑ ጥግ ያለችው የኔትወርክ ዝርዝር ግን "ተገናኝቷል" ትላለች። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምሁ ሰው ስለሆንሁ የማውቀው በመልኩ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ የተደረበበት ቃል። ተገናኝቷል… ከማን ጋር?

"ከፈለኝ፣ ልጄ፣ ምን ሆነ?" አሉኝ እትዬ ተሾመች።

"መስመሩ ነው፤ ይመለሳል።"

አልተመለሰም።

የሱቁ ባለቤት እትዬ ከድጁ ከመጋረጃው ጀርባ፣ "ይህ የኢንተርኔት ገመድ ሰው ቢሆን ኖሮ ወላሂ ዳኛ ፊት አቆመው ነበር!" አሉ። ሁላችንም ሣቅን። ግን በዚህ ምክንያት ደንበኛ ቢሸሸንስ? ይህን ሥራ ባጣ ወዴት እሄዳለሁ? ተመልሼ ወደ ቴፒ፣ ወደ ቡና ለቀማ? ወይስ ባዶ እጄን እስከ አገሬ ወሎ?

ጥቅምት 4

ዛሬ ኃይለሚካኤል በስልክ ሲያስረዳኝ ዋለ። ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስተምር ወጣት ነው። የሱቁን ኮምፒውተር ቫይረስ በበላው ጊዜ አዲስ ሲስተም የጫነልን እርሱ ነበር። የቅዳሜውን ችግር ነገርሁት።

"መስመር አንድ ብቻ ካለህ፣ እርሱ ሲሞት አብረኸው ትሞታለህ። ብዙ አድርገው።"

ብዙ ማለት… ገመዱ፣ የጎረቤታችን የናስረዲን ዋይፋይ፣ ሞደም፣ የስልክ ዴታ። ያቺ ትንሽ ዝርዝር አራቱን ሁሉ ልትይዝ ትችላለችን?

"ትችላለች። ግን እያንዳንዱን ከእርሷ ጋር ማስተዋወቅ አለብህ።"

ማስተዋወቅ… እንደ እንግዳ።

ናስረዲን ስልክ ይሸጣል፣ ይጠግናል። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል አልነፈገኝም። "ለእትዬ ተሾመች ልጅ ከሆነ ውሰድ። ኳስ ልታይበት ከሆነ ግን ውርድ ከራሴ፣ እነቅልብሃለሁ!" አለ። የእኛ ኮምፒውተር ዋይፋይ የሚቀበልበት ነገር እንደሌለው እንኳ አላውቅም ነበር። ሣቀብኝና ከመሳቢያው ጥፍር የምታህል መቀበያ አውጥቶ ሰጠኝ። ሰካኋት። ዝርዝሯ ዝም አለች። እንዳላየች ሆነች።

እንዲህ ያለውን ዝምታ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ወደዚህ አገር ስመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያየኝ።

ጥቅምት 6

ተሳካ!

ኃይለሚካኤል የላከልኝን ፋይል ጫንሁ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ የናስረዲን ሱቅ ስም ዝርዝሯ ላይ ብቅ አለ። ጮኽሁ። ጉርድ ፎቶ ልትነሣ የመጣች ሴት ደነገጠች።

ሞደሙ ሌላ ጉድ ነው። ሲሰኩት "ፍላሽ ነኝ" ብሎ ይቀርባል፤ ጥቂት ፋይሎችም ያሳያል። እንደ ፍላሽ "ውጣ" ብለው ሲያሰናብቱት፣ ያን ጊዜ ሞደምነቱ ይገለጣል። አቅሙ ግን ደካማ ነው። ድምፅ ይሸከማል እንጂ ምስል አይችልም።

ስልክ በገመድ ሲሰካ ደግሞ ዝርዝሯ "ሁለተኛ ገመድ" ብላ ትጽፈዋለች። ስልክ መሆኑን አታውቅም። ግድ የለም፤ ካደረሰ ይበቃል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ እትዬ ተሾመች ብቻቸውን አልመጡም። ባለቤታቸው አቶ ጴጥሮስ አብረው ነበሩ። ረዥም፣ ግንባራቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸው ሰው። በልጅነታቸው የንብ ቀፎ ሲሰቅሉ ቅርንጫፍ መትቷቸው ነው አሉ። በቤተሰቡ የእጅ ቋንቋ የአባት ስም ጣትን ግንባር ላይ ማሳረፍ ነው። ረድኤት ገና ስታያቸው ጣቷን ግንባሯ ላይ አደረገች፤ ደጋግማ።

አቶ ጴጥሮስ እንደ ባለቤታቸው እጃቸው አይፈጥንም። ልጅቱ አንድ ነገር ተናግራ ስትሥቅ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ "ምን አለች? ሰደበችኝ አይደል?" ይላሉ።

"'አባቴ በእጁም ይንተባተባል' አለች" አሏቸው።

"እንዲህ ያስተምራሉ እንዴ እዚያ!" ብለው ከሁሉም በላይ እርሳቸው ሣቁ።

መሐል ላይ ገመዱ ወደቀ። ቀስ ብዬ ወደ ዋይፋዩ አዞርሁት። ምስሉ ጥቂት ቆሞ ተመለሰ። አቶ ጴጥሮስ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "አንተ ልጅ፣ ከእኛ ማሳ ብታድግ ጥሩ ንብ አናቢ ይወጣህ ነበር። ሳታስቈጣው ነው የምታዞረው" አሉኝ።

ስለዚህ ቃል ለማንም አልተናገርሁም። እዚህ ብቻ ጻፍሁት።

ጥቅምት 13

አቶ ጴጥሮስ ሞቱ። ትናንት ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ላይ ወጥተው ወደቁ። እሑድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሲዘምሩ ያያቸው ሰው ነው የነገረን። ዛሬ ተቀበሩ።

እትዬ ከድጁ ሱቁን ዘግተው ለቅሶ ሄዱ። እኔን ጠባቂ አድርገው ተዉኝ። ሰው አልመጣም። ኮምፒውተሩን አብርቼ ተቀመጥሁ፤ ምን እንደምሠራበት ሳላውቅ…

ልጅቱስ?

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

አልነገሯትም። እትዬ ተሾመች አልመጡም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐዘን ላይ ያለች ሴት ከቤት አትወጣም።

በተለመደው ሰዓት ኮምፒውተሩ ጠራ። ረድኤት ናት። እትዬ ከድጁ ከፊቴ ቆመው፣ "አታንሣው። ምን ልትላት ነው?" አሉኝ። እርሳቸውም ልክ ናቸው። እጄ ምንም አያውቅም። ፊቴን ደግሞ ታነባለች። ጠራ፣ ቆመ። እንደገና ጠራ። ፎቶግራፍ ሊነሡ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ "ለምን አታነሣውም?" አሉኝ።

አራቱ መስመሮች በሙሉ ዛሬ ይሠሩ ነበር።

ጥቅምት 17

የሟች ወንድም፣ አንድ ሽማግሌ ጎረቤትና እትዬ ተሾመች መጡ። እትዬ ተሾመች ጥቁር ለብሰዋል። እትዬ ከድጁ በሩን ገርበብ አደረጉ። እኔ ልወጣ ስነሣ እትዬ ተሾመች፣ "ተቀመጥ፤ ነገሩ አንተንም ይነካል" አሉኝ።

አንድ የሰፈሩ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ረድኤት ወዳለችበት ከተማ ሊሄድ ነው፤ አፉ አያርፍም። ከእርሱ ቀድሞ መርዶ መነገር አለበት። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እናት የለቅሶ ቤት ጥለው አይሄዱም። አጎትየው፣ "አስተማሪዋ ወይዘሪት ለተብርሃን ትንገራት። የእጅ ቋንቋ ታውቅ የለም?" አለ።

እትዬ ተሾመች ራሳቸውን ነቀነቁ።

"'ሞት' የሚለውን ልጄ ከእርሷ ተምራ ይሆናል። አባቷን ግን የምታውቀው በእኔ እጅ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ የሚነግራት ሌላ ሰው የለም።"

ሽማግሌው፣ "እንደ ወጉ ይሁን" አሉ። መርዶ በንጋት ነው የሚነገረው፤ ሰው ከጎኗ ተቀምጦ። አስተማሪዋ አጠገቧ ትሆናለች። የፊታችን ቅዳሜ፣ ማልዶ።

ከዚያ እትዬ ተሾመች ወደ እኔ ዞሩ።

"ከፈለኝ፣ መሐል ላይ አይቆረጥም?"

"አይቆረጥም" አልሁ።

ለምን እንዲህ አልሁ? ማን ሥልጣን ሰጠኝ?

የአባቴን መርዶ የሰማሁት በስልክ ነበር፤ ቴፒ ቡና ስለቅም። የአክስቴ ልጅ ደወለና፣ "ከፈለኝ፣ አባትህ…" ሲል ተቋረጠ። ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ እስክወጣ ድረስ ያችን አንዲት ቃል ይዤ ነው የሄድሁት። አባትህ… ታመመ? መጣ? ይፈልግሃል? ሞቱን ከሰማሁ በኋላ አለቀስሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ያ መንገድ ነበር። ስልክ በጠራ ቁጥር ዛሬም እዚያ መንገድ ላይ ነኝ።

ግማሽ መርዶ ለማንም አይነገር።

ጥቅምት 19

ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ስፈትን አመሸሁ። ኃይለሚካኤል በሌላ በኩል እንደ ረድኤት ሆኖ በምስል ተቀመጠልኝ።

በመጀመሪያ የገመዱን ውሸት ደረስሁበት። ገመዱ የሚገናኘው ግድግዳችን ላይ ካለው ሣጥን ጋር ነው። ሣጥኑ እስከ በራ ድረስ ዝርዝሯ "ተገናኝቷል" ትላለች። ሣጥኑ ከውጭው ዓለም ጋር መገናኘት አለመገናኘቱን ግን አትጠይቅም። ስለዚህ ገመዱ ሞቶ ሳለ ኮምፒውተሩ እርሱን ተማምኖ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ሕያው ስልክ ተሰክቶ እያለ!

"ታዲያ እንዴት ላስተው?"

"አታስተውም። ቅደም ተከተሉን አንተ ወስንለት። መጀመሪያ የምታምነውን።"

ቅደም ተከተል የሚጻፍበት ቦታ አለ። ለስልኩ ከፍ ያለ ቍጥር ሰጠሁት፤ ቀጥሎ ዋይፋዩ፤ ገመዱ ከኋላ። ሞደሙን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ የራሴን ስልክ ሰክቼ፣ ገመዱንም ዋይፋዩንም አጠፋሁ። ኃይለሚካኤል ሲያወራ ከንፈሩ አልቆመም።

የእኔ ስልክ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ነው። ግን ደረሰ።

መብራት ቢጠፋስ? ለኮምፒውተሩ ጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ አለ። በቂ ይሆናል? እትዬ ከድጁን ጠየቅሁ። "አንተ ልጅ፣ አላህም የራሱን ድርሻ ይሥራ እንጂ! ግባና ተኛ" አሉኝ።

ጥቅምት 21

አጎትየው ማምሻውን ብቅ ብሎ አዲስ ስልክ አሳየኝ። የእርሱ ነው፤ ፈጣን ነው።

"ነገ በዚህ ይሁን። የወንድሜ መርዶ በባዕድ ስልክ አይሄድም።"

የፈተንሁት በእኔ እንደ ሆነ ልነግረው አፌን ከፈትሁ። ሽማግሌውም አብረውት ነበሩ፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አፌን ዘጋሁ። እውነት ነው፤ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። ስልኩም ከእኔው ይሻላል። ሰክቼ አየሁት፤ ዝርዝሯ ወዲያው አወቀችው።

ምን ይከብደኛል ታዲያ?

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

የዛሬውን ሳልረሳው ልጻፈው።

ጎሕ ሲቀድ ሁሉም ደረሱ። እትዬ ተሾመች ወንበሩ ላይ፣ ዘመዶች ከኋላ አግዳሚው ላይ፣ እትዬ ከድጁ በሩ ሥር። ናስረዲን ዋይፋዩ እንደማይበራ ሊነግረኝ መጥቶ ወደ ቤቱ ሳይመለስ ቀረ። መብራት የለም፤ ከሌሊት ጀምሮ። ስለዚህ ገመዱም የለም፣ ዋይፋዩም የለም። ባትሪው ኮምፒውተሩን ያዘ። የአጎትየው ስልክ ብቻ ቀረን።

ደወልሁ። አስተማሪዋ ወይዘሪት ለተብርሃን ብቅ አለች፤ ረድኤት ከጎኗ፣ ከእንቅልፍ የተነሣች፣ ፀጉሯ ያልተሠራ። እናቷን በጥቁር ልብስ ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

እትዬ ተሾመች እጃቸውን አነሡ። ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ።

አባትሽ…

ምስሉ ቆመ።

የአጎትየው ስልክ ይጠራል። ከሩቁ ከቱም ከተማ የመጣ ጥሪ ነው፤ ዛሬ ገና የሰማ ዘመድ። በእኛ አካባቢ ሰው ሲደውል ዴታው ይቆማል። ይህን አውቅ ነበር፤ አላሰብሁትም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ስልኩ መቼ ያርፋል? ሁሉም ማልዶ ይደውላል፤ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ሊል። አጎትየው ዘጋበት። ሌላ ጠራ። ዘጋ። ሌላ።

ልጅቱ በዚያ በኩል ስንት ነገር እያሰበች ነው? አባትሽ… ታመመ? ይመጣል?

እትዬ ተሾመች ጣታቸውን ከግንባራቸው አላወረዱም። ዞረው እንኳ አላዩኝም።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሳላስብ ነው ያደረግሁት። የአጎትየውን ስልክ ነቀልሁ። የራሴን ሰካሁ።

"ምን ታደርጋለህ?" አለ አጎትየው።

"ለእኔ ማንም አይደውልም።"

እውነት ነበር። አገሬ ያሉት ለበዓል ካልሆነ አይደውሉም፤ እዚህ ደግሞ ቍጥሬን የሚያውቅ ከእትዬ ከድጁ፣ ከናስረዲንና ከኃይለሚካኤል በቀር የለም። ሁለቱ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ።

የስልኩን ዴታ ለኮምፒውተሩ የሚያጋራውን ቦታ ከፈትሁ። ዝርዝሯ "ሁለተኛ ገመድ" ብላ ጻፈች። ተገናኝቷል። አላመንኋትም። ምስሉን ብቻ አየሁ።

ተመለሰ።

ረድኤት ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ጣቷ ግንባሯ ላይ ነበር። አባቴ? አባቴ? አባቴ?

እትዬ ተሾመች ነገሯት። እጃቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቋንቋውን አላውቅም፤ ግን ገባኝ። ዛፍ። ከፍታ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጎን ለጎን አስተኝተው ዝም አሰኟቸው። ግንባራቸውን ነኩና እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጣሉ።

ክፍሉ ውስጥ ድምፅ አልነበረም። እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። አጎትየው ሊጮኽ ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። ልጅቱ አስተማሪዋ እቅፍ ውስጥ ገባች፤ ግን ዓይኗን ከእናቷ አልነቀለችም። ሁለቱ ብዙ ተነጋገሩ። ባትሪው ጢጥ ጢጥ እያለ ያስጠነቅቀኝ ነበር፤ ድምፁን ላጠፋው አልደፈርሁም።

ተነጋግረው ሲጨርሱ እናቷ ራሳቸው እጃቸውን አውለበለቡላት። ከዚያ በኋላ ነው የወደቁት።

እትዬ ከድጁ ስቅስቅ እያሉ ያለቅሱ ነበር። እኔ ስልኬን ነቀልሁ። በጣም ሞቋል።

ጥቅምት 23

ቀኑን ሙሉ ተኛሁ።

ጥቅምት 26

አስተማሪዋ ለእትዬ ከድጁ ደወለች። ረድኤት አትበላም። ክፍል ትገባለች፤ ከማንም ጋር አታወራም። ስትጠየቅ፣ "አገሬ ሰው ሲሞት ሰው ይመጣል። ወደ እኔ ግን ማንም አልመጣም" አለች አሉ። የትምህርት ቤት ጓደኞቿ መጥተው ያቅፏታል፤ እርሷ ግን አባቷን የሚያውቅ ሰው ፊት ትፈልጋለች።

እትዬ ከድጁ ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ከፈለኝ።"

"አቤት።"

"ለቅሶ ለመድረስ እግር ብቻ ነው የሚያስፈልገው ያለ ማነው?"

ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፤ ለቅሶ ደራሹን ሁሉ ስክሪኑ ፊት ሊያስቀምጡ ነው። ያን ሁሉ ሰው? በዚህ ገመድ?

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

መጡ። ከሸዋ ቤንች በአይሱዙ፣ በእግር፣ በሞተር ሳይክል። እስከ መንገዱ ድረስ ተሰለፉ። መንገደኛው ሁሉ፣ "ምን እየታደለ ነው?" ይላል። ናስረዲን በር ላይ ቆሞ፣ "ለቅሶ ነው፣ ወንድሜ፤ ጫማህን ጥረግና ግባ" ይል ነበር።

አንድ በአንድ ወንበሯ ላይ ይቀመጣሉ። መናገር አይጠበቅባቸውም። የሚናገሩት ነገር ቢኖርም አትሰማቸውም። ረድኤት እያንዳንዱን ታያለች፤ ሰውየውም ያያታል። ጥቂት ቆይቶ ይነሣል፤ ሌላው ይቀመጣል። ለቅሶ ቤት እንደዚሁ አይደለምን? አንዲት አሮጊት ደረታቸውን ሲደቁ ልጅቱም ደረቷን ደቃች። አጎትየው ሲቀመጥ ሁለቱም ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ፤ ብዙ ቆዩ። እትዬ ተሾመች ከጎን ሆነው ማን እንደ ሆነ በእጃቸው ይነግሯት ነበር።

ዋይፋዩ ገና ከጅምሩ ሞተ። ዝርዝሯ ራሷ ወደ ገመዱ አለፈች፤ ምስሉ አንዴ ብቻ ብልጭ ድርግም አለ። ገመዱም ደከመ። ስልኬን ብፈልገው ቻርጁ አልቋል። ተነሥቼ፣ "ጥሪ የማይበዛበት ስልክ ያለው ሰው አለ?" አልሁ።

የሰልፉ ሰዎች ተያዩ። ያ ሽማግሌ ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ።

"የእኔን ውሰድ። የሚደውሉልኝ ሁሉ እዚህ ተሰልፈዋል።"

ለቅሶ ላይ ሆነው ሣቁ። እትዬ ተሾመች የተባለውን ለልጃቸው ተረጐሙላት። አልሣቀችም፤ ግን ዓይኗ ለሰለሰ። ከዚያ በኋላ ስልክ አላጣሁም። የአንዱ ሲደክም ሌላው ይቀርባል፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን አዲስ ገመድ ነው ብሎ ይጽፋል፤ እኔ እተክላለሁ፣ እነቅላለሁ። ጥሪ ሲመጣ ባለቤቱ ራሱ፣ "ለቅሶ ላይ ነኝ!" ብሎ ይዘጋል።

ሰልፉ አለቀ ብዬ ልዘጋ ስል እትዬ ከድጁ ክርኔን ያዙ።

"አንተስ?"

"እኔማ ዘመድ አይደለሁም…"

"እና ጴጥሮስ ትከሻህን ሲመታህ ዘመድ ነበርህ? ተቀመጥ ነው የምልህ!"

ተቀመጥሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከስክሪኑ ፊት ሆንሁ እንጂ ከጎኑ አልነበርሁም። እጄን የት እንደማደርገው አላወቅሁም፤ ጕልበቴ ላይ አኖርሁት። ልጅቱ አየችኝ። በእጇ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ምን እንደ ሆነ አላወቅሁም። እናቷንም አልጠየቅሁም። አለቀስሁ፤ ለአቶ ጴጥሮስ ነበር፤ ለራሴም አባት ነበር መሰለኝ። እርሷ አልቸኰለችም። እስክነሣ ጠበቀችኝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

የቡናው ለቀማ በርትቷል፤ ሰው ሁሉ ማሳ ውስጥ ነው። በዚህ ሳምንት እትዬ ተሾመች ለገበያ በመጡ ቍጥር ጥቂት ጥቂት የእጅ ቃል አስተማሩኝ። እናት። መንገድ። ቡና። ዝናብ። ጠብቂ። "መስመር ሲቆረጥ አንተ ራስህ ንገራት" ብለውኛል።

ዛሬ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ እትዬ ተሾመች ዘገዩ። ኮምፒውተሩ ጠራ። እትዬ ከድጁ ቀና ብለው አዩኝ። አነሣሁት።

ረድኤት ፀጉሯን ተሠርታለች። እኔን ስታይ ወደ ኋላዬ ተመለከተች፤ እናቷን ፍለጋ። እጄን አነሣሁ። እናትሽ… መንገድ… ዝናብ… ጠብቂ።

ትኵር ብላ አየች። ግንባሯን ቋጠረች። እንደገና አልሁት፤ ቀስ ብዬ። አሁንም አልገባትም። ከዚያ የእኔን ዝናብ ደገመችው፤ ጣቶቿን እንደ እኔ ከታች ወደ ላይ እየረጨች፤ ዝናቡ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ሰማይ ሲወጣ። አፏን በመዳፏ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ራቅ ብላ የነበረችው አስተማሪ ሮጣ መጣች፤ የምታለቅስ መስሏት።

ሣቅ ነበር።

በየትኛው መስመር ላይ እንደ ነበርን አላየሁም። እጄን ገለበጥሁና እንደገና ከላይ ወደ ታች አዘነብሁላት።